ክር፣ ቋጠሮና ውጥረት፦ የብሽሽት ቡአ ጥገና በፊዚክስ ዓይን

በአገራችን ሰዎች አጥብቀው ከሚደብቋቸው ሕመሞች አንዱ ቡአ ነው። እብጠቱ የሚታየው በብሽሽት በኩል በመሆኑ ብዙ ሰው ለቅርብ ጓደኛው እንኳ ሳይናገር፣ በመቀነት አጥብቆ እያሰረ ዓመታት ያሳልፋል። ኑሮው በጉልበቱ ላይ የቆመ የቀን ሠራተኛ ደግሞ ከሐፍረቱ በላይ «ሸክም አይችልም» መባልን ይፈራል። በሕክምና ቋንቋ ሄርኒያ የሚባለው ይህ ችግር ግን የማንም ጥፋት አይደለም። የሆድ ግድግዳ በአንድ ቦታ ሲሳሳ ወይም ክፍተት ሲፈጠርበት በውስጡ ያለው ስብ ወይም አንጀት ገፍቶ ይወጣል። ወንድ ልጅ ከመወለዱ በፊት የዘር ፍሬው ከሆድ ወደ ታች የሚወርደው በብሽሽት በኩል ስለሆነ፣ ይህ ስፍራ በወንዶች ዘንድ ከተፈጥሮው ደካማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በእንግሊዝ አገር በታተመ ጥናት መሠረት አንድ ወንድ በዕድሜ ዘመኑ የብሽሽት ቡአ ቀዶ ጥገና የሚደረግለት ዕድል 27 በመቶ ሲሆን፣ የሴት 3 በመቶ ነው። በዓለም ዙሪያም በየዓመቱ ከ20 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ቀዶ ጥገናዎች እንደሚደረጉ ይገመታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ ፊዚክስ የምናስተምር እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። ሆኖም አንድ ጥያቄ ወደ እኛ መስክ ይጠራናል። ሁለት ሰዎች ለአንድ ዓይነት ቡአ ቀዶ ጥገና ይደረግላቸዋል፤ የአንደኛው ዕድሜውን ሙሉ ሲጸና የሌላኛው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ለምን? የሕመምተኛው ዕድሜ፣ ማጨሱ፣ የአካሉ ጥንካሬ፣ የሐኪሙም ልምድ ሁሉ ድርሻ አላቸው። ከእነዚህ ጎን ለጎን ግን በፊዚክስ ቋንቋ ሊነገር የሚችል አንድ ትልቅ ምክንያት አለ፤ እርሱም ውጥረት በስፌቱ ላይ እንዴት እንደሚከፋፈልና ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ ነው።

ግፊቱ ምን ያህል ነው?

ሆድ በጡንቻና በጠንካራ ሽፋን የታጠረ፣ በውስጡ ግፊት ያለበት ዕቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ 20 ጤናማ ወጣቶች ላይ በተደረገ ልኬት፣ ቆሞ በሚገኝ ሰው ሆድ ውስጥ ያለው ግፊት በአማካይ 20 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ሲያስል ከ100 ያልፋል፤ ሲዘል ደግሞ 170 ያህል ይደርሳል።

እነዚህን ቁጥሮች ወደ ኃይል እንለውጣቸው። 100 ሚሊሜትር ሜርኩሪ 13,300 ፓስካል ገደማ ነው። የክፍተቱ ወርድ 3 ሴንቲሜትር ቢሆን ስፋቱ 7 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል። ግፊቱን በስፋቱ ስናባዛ ከ9 ኒውተን በላይ እናገኛለን። ይህም አንድ ሊትር ውሃ የሞላበት ሀይላንድ ክብደት ያህል ማለት ነው። ሰውየው ባሳለ ቁጥር ይህ ሁሉ ኃይል በዚያች ትንሽ ክፍተት ላይ ያርፋል። ሥር የሰደደ ሳል ያለበት ሰው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያስል ማሰብ፣ ሐኪሞች ከቀዶ ጥገናው በፊት ሳሉ እንዲታከም ለምን እንደሚጠይቁ ያስረዳናል።

ግድግዳው ራሱ የሚሸከመውን ውጥረት ለመገመት የፈረንሳዊውን የላፕላስን ሕግ እንጠቀማለን። ሆድን 16 ሴንቲሜትር ሬዲየስ ያለው ኳስ ነው ብለን እናስብ። ግፊቱ 20,000 ፓስካል (150 ሚሊሜትር ሜርኩሪ) ሲደርስ፣ በግድግዳው ላይ ያለው ውጥረት ግፊቱን በሬዲየሱ አባዝቶ ለሁለት በማካፈል ይገኛል። ውጤቱ በእያንዳንዱ ሴንቲሜትር 16 ኒውተን ነው። ሆድ በእርግጥ ኳስ አይደለም፤ ቢሆንም ይህ ግምት የነገሩን ልክ ያሳየናል።

የሚቀደደው ክሩ አይደለም

ብዙ ሰው «ጠንካራ ክር ከተገኘ ቡአው አይመለስም» ብሎ ያስባል። ይህ ሐሳብ ትክክል የሚመስለው ክሩን ብቻ ስናይ ነው። በከፊራ ገበያ የእህል ጆንያ አፍ ሲሰፋ የተመለከተ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ሰፊው ወስፌውን ከጠርዙ በጣም አቅርቦ ከወጋ፣ ሲባጎው ሳይበጠስ ጆንያው ይተረተራል። ስፌቶቹን አራርቆ ከሰፋ ደግሞ አንዱ ሲለቅ ሸክሙ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል፤ እርሱም ይለቃል፤ እንዲህ እያለ አፉ በሙሉ ይከፈታል።

በሰው አካል ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። 0.3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ክር 2 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ሽፋን ውስጥ አለፈ እንበል። ክሩ ሽፋኑን የሚጫንበት ስፋት 0.6 ካሬ ሚሊሜትር ብቻ ነው። በዚያ ላይ 6 ኒውተን ብቻ ቢጎትት፣ ግፊቱ 10 ሚሊዮን ፓስካል ይሆናል፤ ማለትም ከከባቢ አየር ግፊት 100 እጥፍ ያህል። የልብስ ሳሙና በቀጭን ሽቦ ሲቆረጥ ያየ ሰው የዚህን ትርጉም አያጣውም። ከዚህም ሌላ በጣም የጠበቀ ስፌት በቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ውስጥ ካለው ግፊት በላይ ስለሚጫን ደም ወደ ስፍራው እንዳይደርስ ያግዳል። ደም ያላገኘ ሥጋ ይሞታል፤ የሞተ ሥጋ ክር አይዝም። ስለዚህ «አጥብቆ መስፋት» እና «አጽንቶ መስፋት» የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ይህን ለመመልከት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። አራት ቁራጭ አቡጀዲ ወስዳችሁ አንዱን ጥንድ በሦስት የተራራቁ ስፌቶች፣ ሌላውን ጥንድ በዘጠኝ የተቀራረቡ ስፌቶች አያይዙ። ከዚያም ሀይላንድ እያንጠለጠላችሁ ቀስ በቀስ ውሃ ጨምሩበት። የሚለቀው ክሩ ነው ወይስ ጨርቁ? በየትኛው ውሃ መጠን? መዝግባችሁ አነጻጽሩ።

የአራት ለአንድ ሕግ

ከብሽሽት ጥቂት ከፍ ብለን የሆድን መሐል ለመዝጋት የሚደረገውን ስፌት እንመልከት፤ ፊዚክሱ አንድ ሲሆን በደንብ የተጠናውም እርሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1976 ጄንኪንስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የተከፈቱ ስፌቶችን በመካኒክስ ዓይን መርምሮ፣ ለስፌቱ የሚያገለግለው ክር ርዝመት ከቁስሉ ርዝመት ቢያንስ አራት እጥፍ መሆን አለበት ብሎ ጻፈ። ምክንያቱም ሆድ ከቀዶ ጥገና በኋላ ሲነፋ ቁስሉ እስከ 30 በመቶ ሊረዝም ስለሚችል፣ ክሩ ትርፍ ከሌለው ሥጋውን ይቆርጣል።

አራት የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? በፓይታጎረስ ሕግ ልናገኘው እንችላለን። መርፌው ከጠርዙ 1 ሴንቲሜትር ርቆ እየገባ፣ በየ1 ሴንቲሜትሩ ወደፊት ቢሄድ፣ ክሩ ከውስጥ 2 ሴንቲሜትር፣ ከላይ ደግሞ በሰያፍ 2.24 ሴንቲሜትር ይጓዛል። ድምሩ ለእያንዳንዱ ሴንቲሜትር ቁስል 4.24 ሴንቲሜትር ነው። አሁን ሁለቱንም ልኬቶች ወደ ግማሽ ሴንቲሜትር እናውርዳቸው። ስሌቱን ብትደግሙት ያው 4.24 ይመጣል! የክሩ ፍጆታ አልጨመረም፤ የስፌቶቹ ቁጥር ግን እጥፍ ሆኗል። ቀደም ሲል ያገኘነው 16 ኒውተን በአንድ ስፌት ላይ ያርፍ የነበረው ለሁለት ተከፍሎ 8 ይሆናል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በኔዘርላንድ 560 ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ውጤት ታትሟል። በየ1 ሴንቲሜትሩ ከተሰፉት ውስጥ 21 በመቶ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ በስፌቱ ቦታ ቡአ ሲወጣባቸው፣ በየግማሽ ሴንቲሜትሩ ከተሰፉት ግን 13 በመቶ ብቻ ሆነዋል።

ከባሲኒ እስከ ሾልዳይስ

ወደ ብሽሽት እንመለስ። የዘመናዊው ጥገና አባት የሚባለው በፓዱዋ ያስተምር የነበረው ጣሊያናዊ ሐኪም ኤዶአርዶ ባሲኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ይፋ ባደረገው ዘዴ፣ ከላይ ያሉትን የጡንቻ ንጣፎች አውርዶ ከብሽሽት ጅማት ጋር በሐር ክር፣ እያንዳንዱን ስፌት ለየብቻ እየቋጠረ ያያይዛቸው ነበር። በእርሱ እጅ ውጤቱ ግሩም ነበር። ሌሎች ግን ዘዴውን እያሳጠሩ ሲሠሩበት ቡአው ከአሥር ሰው በአንዱና ከዚያም በላይ ይመለስ ጀመር።

ችግሩ በሁክ ሕግ ይገለጻል። የላይኛው ጡንቻና የታችኛው ጅማት በተፈጥሮ የማይነካኩ፣ በመካከላቸው ክፍተት ያለ ሁለት ነገሮች ናቸው። በግድ ስናቀራርባቸው እንደ ተለጠጠ ምንጭ ወደየቦታቸው ለመመለስ ይጎትታሉ። ክፍተቱ በሰፋ መጠን ጉተታው ይበረታል። ሰውየው ተኝቶ እያረፈ እንኳ ስፌቱ አያርፍም።

እ.ኤ.አ. በ1945 በቶሮንቶ ሆስፒታል የከፈተው ካናዳዊው ኤድዋርድ ኤርል ሾልዳይስ ለዚህ ችግር ያገኘው መፍትሔ ውጥረቱን ማካፈል ነበር። የኋለኛውን ግድግዳ ከፍቶ ንጣፎቹን በመደራረብ፣ በማያቋርጥ ቀጭን የብረት ሽቦ በአራት መስመር ይሰፋቸዋል። የማያቋርጥ ስፌት እንደ ጫማ ማሰሪያ ነው። አንዱ ቦታ ሲወጠር ክሩ በመጠኑ ተንሸራቶ ከጎረቤቱ ጋር ይካፈላል። በአንጻሩ ለየብቻ የተቋጠሩ ስፌቶች ሸክማቸውን አይካፈሉም፤ ነገር ግን አንዱ ቢበጠስ ሌሎቹ ባሉበት ይቆያሉ። ሾልዳይስ በአራት መስመር መስፋቱ የሁለቱንም ጥቅም ለመያዝ ይረዳል። በዚያ ሆስፒታል ቡአው የሚመለስባቸው ሰዎች 1 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያም ያለ መረብ ከሚደረጉ ጥገናዎች ሁሉ ይህን አስቀድሟል።

የሁለት መስመሮች ሩጫ

ክር ለዘላለም እንዲኖር የሚፈለግ ነገር አይደለም። ሥጋ እስኪጠገን ድረስ ብቻ የሚይዝ መወጣጫ ነው። ስለሆነም በአንድ ግራፍ ላይ ሁለት መስመሮችን መሣል ይቻላል፤ አንደኛው እየወረደ የሚሄደው የክሩ ጥንካሬ፣ ሁለተኛው እየወጣ የሚመጣው የቁስሉ ጥንካሬ። ሁለቱ የሚገናኙበት ነጥብ በጣም ዝቅ ካለ፣ ክሩም ሥጋውም ደካማ የሆኑበት አደገኛ ወቅት ይፈጠራል።

በገና ከበግ አንጀት በተሠራ ክር እንደሚወጠር ሁሉ፣ የጥንት ሐኪሞችም ከበግና ከከብት አንጀት የተሠራ ክር ይጠቀሙ ነበር። እርሱ ግን በአካል ውስጥ በጥቂት ሳምንታት ይደክማል። ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ፖሊግላክቲን የተባለው ሰው ሠራሽ ክር በሁለት ሳምንት 75 በመቶ፣ በሦስት ሳምንት 50 በመቶ፣ በአራት ሳምንት ደግሞ 25 በመቶ ያህል ጥንካሬው ይቀረዋል። ፖሊዳዮክሳኖን የሚባለው ከዚያ በላይ ይቆያል። ፖሊፕሮፒሊንና ናይለን ለረዥም ዓመታት ይኖራሉ። ጠንካራው የሆድ ሽፋን ግን ወደ ግማሽ ጥንካሬው ለመመለስ እስከ ሁለት ወር ሊፈጅበት ይችላል፤ ሙሉ በሙሉም ወደ ቀድሞው አይመለስም።

የዚህ ሩጫ ውጤት በስዊድን ብሔራዊ የቡአ መዝገብ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው ጥናት ከ82,000 በላይ ጥገናዎች ተመርምረዋል። መረቡ የተያያዘው ቶሎ በሚሟሟ ክር ከሆነ፣ ቡአው ተመልሶ እንደገና ቀዶ ጥገና የማስፈለጉ ዕድል በማይሟሟ ክር ከተያያዘው ጋር ሲነጻጸር ሁለት እጥፍ ያህል ሆኗል። ቀስ ብሎ የሚሟሟው ክር ግን ከማይሟሟው ጋር የጎላ ልዩነት አላሳየም። ወሳኙ ነገር የክሩ መሟሟት ወይም አለመሟሟት ሳይሆን ጊዜው ነው ማለት ነው።

የክሩ አሠራርም ይታያል። እንደ ሐር ያሉ ተጎንጉነው የተሠሩ ክሮች በቀላሉ ይቋጠራሉ፤ ነገር ግን በዘለላዎቻቸው መካከል ያለው ቀጭን ክፍተት፣ የፋኖስ ክር ጋዝ እንደሚስብ ሁሉ፣ ፈሳሽ ይስባል። አንድ ማይክሮሜትር ገደማ የሚያክሉ ባክቴሪያዎችም እዚያ ይሸሸጋሉ። ባለ አንድ ዘለላ ክር ይህ ችግር እምብዛም የለበትም።

ቋጠሮና ሰበቃ

ባለ አንድ ዘለላ ክር ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፤ ያንሸራትታል። ቋጠሮን የሚይዘው ሰበቃ ብቻ ነው። በጂቡቲ ወደብ ግዙፍ መርከብን የሚያስረው ሠራተኛ ገመዱን በምሰሶው ላይ ጥቂት ጊዜ ጠምጥሞ ጫፉን በእጁ ይዞ መቆም የሚችለው በዚሁ ሕግ ነው። በኦይለር ቀመር መሠረት የሰበቃው ቁጥር 0.2 ቢሆን፣ አንድ ዙር ኃይሉን 3.5 ጊዜ፣ ሁለት ዙር 12 ጊዜ፣ ሦስት ዙር 43 ጊዜ ያህል ያባዛዋል። ሰበቃው ሲያንስ ግን ተመሳሳይ ጽናት ለማግኘት ዙሩ መጨመር አለበት። የሐር ክር በሦስት ዙር ቋጠሮ ሲጸና፣ ፖሊፕሮፒሊን አምስትና ስድስት የሚፈልገው ለዚህ ነው። ሐኪሙ በችኮላ ሁለቱን ቢቀንስ፣ ክሩ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ቋጠሮው ይፈታል።

ውጥረትን ማስቀረት

ጣሊያናዊው ኬሚስት ጁሊዮ ናታ እ.ኤ.አ. በ1954 ፖሊፕሮፒሊንን ሲሠራ፣ ከዓመታት በኋላ በሰው ብሽሽት ውስጥ እንደሚገባ አላሰበም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1989 በሎስ አንጀለስ ይሠራ የነበረው ኢርቪንግ ሊክተንስታይን ክፍተቱን ጎትቶ ከመዝጋት ይልቅ በዚህ ፕላስቲክ መረብ ሸፍኖ መተው እንደሚሻል አሳየ። የተቀደደን ሱሪ ጠርዝ ለጠርዝ ጎትቶ ከመስፋት ይልቅ እራፊ እንደ መጣፍ ነው። የመረቡ ስፌት ሸክም አይሸከምም፤ መረቡ እንዳይንቀሳቀስ ብቻ ይይዛል። ሰውነት በቀዳዳዎቹ ውስጥ ኮላጅን ያበቅልበትና አንድ ያደርገዋል።

እዚህም ላይ ስልት ይፈልጋል። መረቡ በጊዜ ብዛት ስለሚሰበሰብ ላላ ተደርጎ ይነጠፋል፤ በታችኛው የአጥንት ጫፍ በኩልም 2 ሴንቲሜትር ያህል አልፎ እንዲሸፍን ይደረጋል፤ ቡአው ብዙ ጊዜ የሚመለሰው በዚያ በኩል ነውና። መርፌው አጥንቱን የለበሰውን ስስ ሽፋን ወይም በስፍራው የሚያልፉትን ሦስት ነርቮች ከያዘ፣ ለረዥም ጊዜ የሚቆይ ሕመም ያስከትላል። በዓለም አቀፉ መመሪያ መሠረት ከታካሚዎች ከ10 እስከ 12 በመቶ የሚሆኑት እንዲህ ያለ ሕመም በተለያየ መጠን ይሰማቸዋል።

መረብ ውድ ነው ለሚሉ አገሮች ደግሞ ከኡጋንዳ መልካም ዜና አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት 302 ወንዶች በሁለት ተከፍለው፣ ለግማሾቹ የፋብሪካ መረብ፣ ለግማሾቹ ከወባ መከላከያ አጎበር ጨርቅ የተዘጋጀ መረብ ተደረገላቸው። ከአንድ ዓመት በኋላ ቡአ የተመለሰበት በአጎበሩ ወገን አንድ ሰው ብቻ ሲሆን፣ በሌላው ወገን ማንም አልነበረም። የአጎበሩ ዋጋ ከአንድ የአሜሪካ ዶላር በታች ነበር። ይሁንና ጨርቁ በፀረ ተባይ ያልተነከረና በሥርዓቱ ከጀርም የጸዳ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ ከአልጋ ላይ የወረደ አጎበር ለዚህ አይሆንም።

ለድሬዳዋ የሚተርፍ ሥራ

በኢትዮጵያ ከ2009 ጀምሮ የድንገተኛ ቀዶ ጥገና መኮንኖች በዩኒቨርሲቲዎች ሲሠለጥኑ ቆይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2016ም የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የቀዶ ጥገናን ተደራሽነትና ደኅንነት ለማሻሻል ብሔራዊ ፕሮግራም ጀምሯል። በከተማችን የሚገኘው የድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል የድሬዳዋን ሕዝብ ብቻ ሳይሆን ከሐረርጌና ከሶማሌ ክልል የሚመጡትንም ያስተናግዳል። የክር ዕውቀት ለእንዲህ ያለ ስፍራ ትርፍ ነገር አይደለም። ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ለቀን ሠራተኛ ደግሞ ያለ ገቢ የሚያልፉ ተጨማሪ ሳምንታት ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በተለይ የእኛን ከተማ ይመለከታል። በአካል ውስጥ የሚሟሟ ክር የሚደክመው ውሃ ሞለኪውሎቹን ስለሚበጣጥሳቸው ነው። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር እንዲህ ያለው ኬሚካዊ ሂደት በግምት እጥፍ ይፈጥናል። የፖሊግላክቲን ክር አምራቾች ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በማይበልጥ ሙቀት፣ ከእርጥበት ርቆ እንዲቀመጥ የሚያሳስቡት ለዚህ ነው። በድሬዳዋ የበጋ ቀትር ከ30 ዲግሪ ማለፍ የተለመደ ስለሆነ፣ ማሸጊያው የተቀደደ ወይም በሞቀ መጋዘን የከረመ ክር ሩጫውን የሚጀምረው ገና በሰው አካል ውስጥ ሳይገባ ነው።

ይህ ለፊዚክስና ለኬሚስትሪ ተማሪዎች የተመቸ የምርምር ርዕስ ነው። ጊዜው ያለፈበት ክር፣ መንጠቆ ሚዛን፣ ቴርሞሜትርና ትዕግሥት ይበቃሉ። ክሩን በተለያየ ሙቀትና እርጥበት ለተወሰኑ ሳምንታት አስቀምጦ የሚበጠስበትን ኃይል በየጊዜው መለካትና ከላይ ያነሳነውን የሚወርድ መስመር በራስ እጅ መሣል ይቻላል። ውጤቱን ለሆስፒታል መድኃኒት ቤት ማሳየት ደግሞ ከፈተና ውጤት የሚበልጥ እርካታ አለው።

በመጨረሻም ለአንባቢና ለቤተሰቡ አንድ ማሳሰቢያ እንተዋለን። ቡአ ያለበት ሰው እብጠቱ በድንገት ጠንክሮ፣ አልመለስ ብሎ፣ ሕመምና ትውከት ካስከተለ አንጀቱ ታንቆ ደም ተቋርጦበት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ማሸትም ሆነ ነገን መጠበቅ አይገባም፤ በሰዓታት ውስጥ ሆስፒታል መድረስ አለበት። ሕመም የሌለውም ቢሆን አስቀድሞ ለሐኪም ቢታይ፣ ጥገናው ተረጋግቶ፣ በተመረጠ ክርና ባልተቻኮለ እጅ ይሠራለታል።